ሁስክቫርና 61፣ 268 እና 272፦ ከልዋጭ ዕቃ ለሚታደስ መጋዝ ምን ያህል ይመቻሉ?

ሦስት የሞቱ መጋዞችን ሰብስቦ አንድ የሚሠራ ማውጣት ከሁሉም ዓይነት መጋዝ አይቻልም። ሁስክቫርና ከሚባሉት የሰንሰለት መጋዞች፣ ከ61፣ 268 እና 272፣ ግን ይቻላል። ሦስቱም የፒስተን ምታቸው እኩል 34 ሚሊሜትር ነው፤ የሚለያዩት በሲሊንደር ስፋት ነው። የ61ዱ ሲሊንደር 48፣ የ268ቱ 50፣ የ272ቱ 52 ሚሊሜትር ነው። ሲሰላ 61.5፣ 66.7 እና 72.2 ሲሲ ይመጣል። ስለዚህ ከሲሊንደሩና ከፒስተኑ በታች ያለው ዕቃ በአብዛኛው የጋራ ነው። ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ)፣ ካርተሩ (ኮሎውን የያዘው የሞተር ቤት)፣ የገመድ ማስነሻው፣ እጀታው፣ የነዳጅ ጋኑና የፍሪሲዮን (የክላች) ክዳኑ ከአንዱ ተነቅሎ ሌላው ላይ ይገባል። እዚህ የሚመዘኑትም በዚሁ ነው፤ ለእድሳት መነሻ ምን ያህል ይሆናሉ በሚል።

ድክመታቸው አስቀድሞ ይነገር። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት (ባር) እና ሰንሰለቱ ሳይቆጠሩ እንኳ ከ6 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ከኋላ የመጡት ሞዴሎች አቧራውን ፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ጋ ከመድረሱ በፊት በቮላኖው፣ ማለትም በኮሎው ጫፍ በሚዞረው ባለ ክንፍ ጎማ፣ ንፋስ አሽቀንጥረው ይጥሉታል፤ እነዚህ ግን ይህ የላቸውም። ፊልትሯቸው ደቃቅ አቧራ ያሳልፋል፣ በየቀኑ መታጠብ አለበት። ይህን ችላ ያለ ሰው ያደሰውን ሲሊንደር በአንድ ወቅት ይጨርሰዋል። ከዚህ በቀር ለመፍታትም ለመግጠምም እንደ እነሱ የሚታዘዝ መጋዝ ጥቂት ነው። ሁሉም ነገር በብሎን ነው የተያዘው፤ አብዛኛው በአንድ የአለን ቁልፍ ይፈታል።

ሙት መጋዝ ሲመረጥ መታየት ያለበት ካርተሩና ኮሎው ነው። ሲሊንደር ይለወጣል፣ ካርቡሬተር ይለወጣል፣ ፕላስቲክ በሙሉ ይለወጣል። የተሰነጠቀ ካርተር ይዞ የተገዛ መጋዝ ግን ከመጀመሪያውም የመለዋወጫ ክምር ነው። ካርተሩ ማግኒዚየም ስለሆነ በተራ ብየዳ አይሞከርም፤ ማግኒዚየም ከተቀጣጠለ ውሃ ያብሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ባሩን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች የተተከሉበትን ቦታ፣ የሰንሰለት መያዣዋን ሥር፣ የሲሊንደሩ ብሎኖች የሚገቡባቸውን አራት ቀዳዳዎች በደንብ ጠርጋችሁ ተመልከቱ። ጥርሱ የተበላ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በሽቦ ጥርስ፣ ሄሊኮይል በሚባለው፣ ይድናል።

ኮሎው እንዲህ ይፈተናል። ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ወጥቶ ቮላኖውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። የሚሰማ ክፍተት ካለ ኩሽኔታው (ኮሎው የሚሽከረከርበት ቀለበት) አልቋል፤ ይህ ይለወጣልና አያስፈራም። የሚያስፈራው ቢየላው፣ ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ፣ ነው። ሲሊንደሩ ሲነሳ ቢየላውን ቀጥታ ወደ ላይ ሳቡትና ግፉት፤ ምንም ዓይነት ኳ የሚል ነገር መኖር የለበትም። ወደ ጎን መንሸራተቱ ግን ጤናማ ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ደህናውን ኮሎ ይጥላል። የቢየላው የታችኛው ጫፍ ወደ ሰማያዊ ካደላ ያለ ዘይት ሮጦ ተቃጥሏል፤ በልዋጭም አትቀበሉት።

ከመግዛትም ከመለዋወጥም በፊት ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ሳጥን) ማንሳት ግድ ነው። ሁለትና ሦስት ብሎን መፍታት ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ ትታችሁ ሂዱ። በጭስ ማውጫው ቀዳዳ በኩል ፒስተኑን በባትሪ ስታዩት ታሪኩን ይነግራችኋል። ጭረቱ በጭስ ማውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ሞተሩ ነዳጅ አንሶት ወይም አየር ሾልኮበት ሞቋል። ዙሪያውን ሁሉ ከተፋቀ ያለ ዘይት ባዶ ቤንዚን ተሰጥቶታል። ካርቡሬተሩ ተነስቶ በመግቢያው በኩል ሲታይ የፒስተኑ ቀሚስ (የታችኛው ዙሪያው) ደብዝዞና ሳስቶ ከተገኘ ጥፋቱ የፊልትሮ ነው። ይህን መለየት ለወሬ አይደለም፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ አዲስ ፒስተን የገባበት መጋዝ ሁለተኛ ጋን ሳይጨርስ እንደ ፊተኛው ይነክሳል፣ ማለትም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

ፈታታው ላይ ሦስት ቦታ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ በዚህ ቤተሰብ የሰንሰለት ፍሬኑ ያለው በፍሪሲዮን ክዳኑ ውስጥ ነው። ፍሬኑ ተይዞ ሳለ ክዳኑን ካነሳችሁ የፍሬኑ ሽቦ (የፍሪሲዮኑን ከበሮ የሚያቅፈው ቀበቶ) ተጨምቆ ስለሚቀር ከበሮው ላይ ተመልሶ አይገባም፤ መጀመሪያ ፍሬኑን ልቀቁት። ሁለተኛ፣ ፍሪሲዮኑ ግራ ጥርስ ነው፤ በሰዓት አዙሪት ሲዞር ይፈታል። በመዶሻና በካቻቢቴ እየመቱ በተለመደው አቅጣጫ የታገሉት ስንት ፍሪሲዮን ተሰብሮ ተገኝቷል። ሦስተኛ፣ ሲፈታ ኮሎው እንዳይዞር በካንዴላው ቀዳዳ ገመድ አስገቡ፤ ፒስተኑ ገመዱን ጨምቆ ይቆማል። ብረት ማስገባት ፒስተኑን ይበሳዋል። ገመዱ የሚገባው ፒስተኑ የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ካለፈ በኋላ ይሁን፣ አለዚያ ጫፉ በቀዳዳው ገብቶ ይቆረጣል።

አሁን ወደ ሲሊንደሩ። የእድሳቱ ትርፍና ኪሳራ የሚለየው እዚህ ነው፤ የነከሰ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም። ግድግዳው በጠንካራ ልባጥ የተሸፈነ ነው። ላዩ ላይ የሚታየው ግራጫ ቅባት መሰል ነገር ከፒስተኑ ቀልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው። ይህን በኮስቲክ ሶዳ ማውጣት ይቻላል። በ100 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ፤ ውሃውን ሶዳው ላይ ማፍሰስ ይፈነጥቃል። ጓንትና መነጽር ይደረግ፣ ሥራው ደጅ ይሁን፣ አጠገቡ እሳት አይኑር፤ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ነው።

በጥጥ ጫፍ ነክራችሁ የተለጠፈውን ብቻ ቀቡት። ወዲያው አረፋ ያወጣል። አረፋው አሉሚኒየሙ እየተበላ ለመሆኑ ምልክት ነው። ጠረጋችሁ፣ ደግማችሁ፣ አረፋው ሲቆም በብዙ ውሃ እጠቡት። ግራጫው ጠፍቶ ሳለ አንድ ነጥብ ላይ አረፋው ካላቆመ ግን እዚያ ልባጡ ተልጧል፤ ሶዳው ራሱን ሲሊንደሩን እየበላ ነው። በዚያ ቅጽበት አቁሙ፣ እጠቡ፤ ያ ሲሊንደር አይሆንም። ፈሳሹ ወደ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፣ እዚያ ያለው ልባጥ የሌለው አሉሚኒየም ነው። በኋላ በሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ፣ ያቺ አረንጓዴዋ፣ በዘይት አርሳችሁ እንደ መረብ በሰያፍ አሹት። የሲሊንደር ድንጋይ አታስገቡ፤ ልባጡን ይገፈዋል። ሲደርቅ ጥፍራችሁን ከላይ ወደ ታች አሂዱበት። ጥፍር የማይዘው ጭረት ቢታይም ይሠራል።

የሲሊንደር ልዋጭ የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ጥቅም ነው። 61 ካርተር ላይ የ272 ሲሊንደርና ፒስተን አብሮ ሲገባ ከ10 ሲሲ በላይ ይጨመራል። ነገር ግን በየዘመኑ የተመረቱት ካርተሮች አንድ አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ሳይደረግ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን ገጥማችሁ ኮሎውን በእጅ አዙሩ፤ ቀሚሱ የካርተሩን አፍ ከነካ የምትሰሙት ያኔ ነው። ቀጥሎ በካንዴላው ቀዳዳ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ሽቦ እስከ ግድግዳው ድረስ አስገብታችሁ አንድ ጊዜ አዙሩና የተጠፈጠፈውን ጫፍ ለኩ። ከ0.5 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ከ0.5 ከሳሳ ፒስተኑ ሲሞቅ ቴስታውን (የሲሊንደሩን ጣሪያ) ሊመታ ይችላል፤ ከሲሊንደሩ ሥር ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ይጨመርበት። ካርቡሬተሩም ከሲሊንደሩ ጋር መስማማት አለበት፤ የ61ዱ በ272 ላይ ሲቀር በከፍተኛ ፍጥነት ነዳጅ ያንሰዋል። የሲሊንደር ልዋጭ ስትደራደሩ ካርቡሬተሩ አብሮ ይምጣ በሉ።

ስመ ጥር ያልሆኑት አዳዲስ የሲሊንደርና ፒስተን ጥንዶች እንዴት ናቸው ለሚለው መልሱ፣ ተጠርጎ የዳነ የፋብሪካው ሲሊንደር ይበልጣቸዋል ነው። ልባጣቸው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ስለታም ሆኖ ይመጣል፣ ፋሻውን እየላጨ ይጨርሰዋል። ሌላ ከሌለና እነሱን ማስገባት ግድ ከሆነ የየቀዳዳውን ጠርዝ በደቃቅ የአልማዝ ሞረድ በትንሹ አለዝቡት፤ ከፒስተኑ ጋር የመጡትን የፒን መያዣ ቀለበቶች ጥላችሁ ጥሩዎቹን ግዙ። አንድ ቀለበት ወልቆ ቢሄድ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች ያርሰዋል። አንዴ የወጣ ቀለበት ተመልሶ አይገባም፣ የፋብሪካውም ቢሆን። ሲገባ ክፍቱ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ጎን ከሆነ በምቱ ኃይል ተጨምቆ ሊወጣ ይችላል።

ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደር ውስጥ አግቡና በፒስተኑ ራስ ቀጥ አድርጋችሁ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ግፉት። በጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ ይጣል። ከ0.2 በታች ከሆነ ሲሞቅ ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ በደቃቅ ሞረድ ይነካ። የፒስተኑ ቀስት ወደ ጭስ ማውጫው ይዞራል። ተገልብጦ ከገባ የፋሻው ጫፎች ቀዳዳ ውስጥ ገብተው ይሰበራሉ።

ኩሽኔታና ፓራዮሊ (በኮሎው ዙሪያ አየር እንዳይሾልክ የሚያሽገው ጎማ) በልዋጭ አይወሰዱም፤ ያገለገለ ፓራዮሊ ማስገባት ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ኩሽኔታው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብባችሁ ያንኑ ከታወቀ አምራች ግዙ፤ ከቁጥሩ በኋላ ሲ3 የሚል ይኑረው። ሲ3 ማለት ውስጣዊ ክፍተቱ ሰፋ ያለ ነው፤ ተራው ሲሞቅ ይያዛል። ለመግጠም ካርተሩን በምድጃ 120 ዲግሪ አካባቢ አሙቁት፣ ኩሽኔታውን በረዶ ቤት አቆዩት፤ ያለ መዶሻ ጠብ ብሎ ይቀመጣል። ክፍት ነበልባል ካርተሩን አያግኘው።

ሲገጠም የሚዘለለው፣ ሊዘለል ግን የማይገባው የአየር ፈተና ነው። ማርሚታና ካርቡሬተር የሚቀመጡበትን ቀዳዳ በካላማዳሪያ ቁራጭ ደፍናችሁ ብሎኖቹን መልሱ። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዱት፣ ያኔ ሲሊንደሩና ካርተሩ አንድ ክፍል ይሆናሉ። በካንዴላው ቀዳዳ በኩል ግማሽ ባር (ይህኛው ባር የግፊት መለኪያ ነው) አየር ስጡ፤ 20 ሰከንድ መውረድ የለበትም። ከወረደ የሳሙና ውሃ ቀቡ፤ አረፋው ከቮላኖው ጀርባ፣ ከፍሪሲዮኑ ጀርባ፣ ከሲሊንደሩ ሥር ወይም ከካርተሩ መገጣጠሚያ ይወጣል። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ አየሩን መሳብ ነው። ፓራዮሊ በአንድ አቅጣጫ ይዞ በሌላው ሊለቅ ይችላል፤ ሞተሩም ሲሠራ ሁለቱንም ያደርጋል። ግማሽ ባር ሳቡና ተመልከቱ፤ በ20 ሰከንድ ውስጥ ከ0.3 በታች ከወረደ ሾላኪ አለ ማለት ነው። ስንፍና የማይፈቅደው ቦታ ይህ ነው። ስንት የታደሰ መጋዝ የሞተው ፓራዮሊው አየር ሲያስገባ፣ ባለቤቱ ደግሞ ካርቡሬተሩን ሲያስተካክል ነው።

የካርቡሬተር መግጠሚያው ላይ ከካርተሩ ግፊት የሚያመጣ ትንሽ ቀዳዳ አለ። የነዳጅ ፖምፓው የሚሠራው በእሱ ነው። እጅ የቆረጠው ጓርኒሲዮን ያችን ቀዳዳ ከደፈነ መጋዙ በካንዴላ ቀዳዳ ነዳጅ ሲንጠባጠብለት ይነሳል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ ሰውም ካርቡሬተሩን አሥር ጊዜ ይፈታል። ቲሎትሰን ኤችኤስ ካርቡሬተሩ ራሱ ቀላል ነው። ሽፋኖቹን ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ነዳጅ በሚለካው ጎን ጓርኒሲዮኑ የካርቡሬተሩ አካል ላይ፣ ስሱ ቆዳ (ዲያፍራሙ) ከእሱ በላይ ይቀመጣል። የመርፌዋ ዘንግ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል መሆን አለባት፤ ከፍ ካለች ነዳጅ ያጥለቀልቃል፣ ዝቅ ካለች ይራባል። ቆዳው ለጣት እንደ ሻሽ ካልለሰለሰና እንደ ካርቶን ከደረቀ ይለወጥ። የነዳጁን ጎማ ቱቦም አጥፋችሁ እዩት፤ ቀጥ ብሎ ደህና የሚመስለው ሲታጠፍ ስንጥቁን ያሳያል።

ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል ላይ አንድ የልዋጭ ሕግ አለ፤ ቮላኖና ቦቢና (ብልጭታውን የሚያመነጨው ጥቅል) ጥንድ ሆነው ይሂዱ። በየዘመኑ የተገጠሙት ይለያያሉ፣ ተነጣጥለው ሲመጡ ብልጭታው ይዳከማል ወይም ሰዓቱን ይስታል። ከቮላኖው ክንፎች አንዷ ብትሰበርም አትውሰዱት፤ በዚያ ፍጥነት ይንዘፈዘፋል፣ ኩሽኔታውንም እጅንም ይጎዳል። በቦቢናውና በማግኔቱ መካከል 0.3 ሚሊሜትር ይተዋል። ስም የሚጻፍበት ጠንካራ ካርድ መካከላቸው አስገቡ፣ ማግኔቱ ቦቢናውን ይሳበው፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ካርዱን ሳቡ። ብልጭታ ከሌለ ቦቢናውን ከመጣል በፊት የማጥፊያውን ሽቦ ንቀሉ። ያኔ ከመጣ ጥፋቱ የተላጠ ሽቦ ወይም ማጥፊያው ነው። ካንዴላው ኤንጂኬ ቢፒኤምአር7ኤ፣ ክፍተቱ 0.5።

የገመድ ማስነሻው አጭር ነው፤ ገመዱ ሙሉ ተስቦ ሲያልቅ ጎማው ገና ግማሽ ዙር መዞር ካልቻለ ሞላው ከመጠን በላይ ተጠምዟል፣ ይበጠሳል።

የዘይት ፖምፓውን በልዋጭ ስታገኙ ከሚያዞረው ጥርስ ጋር ተቀበሉት። ከበሮው ውስጥ ያለችው መርፌ ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ደርቃ ተቃጥላ ነው የምትገኘው፤ ግሪስ ይግባባት። የፍሬን ሽቦው ከሳሳ ወይም የእጅ መከላከያው ከተሰበረ መጋዙ እንጨት እንዳይነካ። ክዳኑ ሙሉውን ስለሚለወጥ ይህ የእነዚህ ሞዴሎች ታላቅ ምቾት ነው፤ ደህና ፍሬን ያለው ክዳን የተበላሸው ሲሊንደር ከመለወጡም በፊት ይፈለግ።

ባር ላይ ሰው የሚሳሳተው ስፋቱን ትቶ ርዝመቱን ሲያይ ነው። ለእነዚህ የሚለመደው 3/8 ኢንች ሰንሰለት ሲሆን ሰንሰለቱ የሚገባበት የባሩ ጉድጓድ ስፋት 1.5 ሚሊሜትር ነው። የሽቲል ባር መግጠሚያው የተለየ ነው፣ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ 1.6 ነው። 1.5 ሰንሰለት በ1.6 ጉድጓድ ውስጥ ይጋደማል፤ መጋዙ ክብ ይቆርጣል፣ ሰውም ሞረዱን ይወቅሳል። 18 ኢንች ባር 68፣ 20 ኢንች 72፣ 24 ኢንች 84 የመንጃ ጥርስ (በባሩ ጉድጓድ ውስጥ የሚሄደው የሰንሰለቱ ጥርስ) ይወስዳል። 61ዱ ከ20 በላይ ባይጫንበት ይሻላል፤ 24 ለ272 ነው። ሰንሰለቱ የሚሳልበት ሞረድ 5.5 ሚሊሜትር፣ ከቆራጩ ጥርስ ፊት ያለችው የጥልቀት መለኪያ ከጥርሱ 0.65 ሚሊሜትር ዝቅ ትበል።

ነዳጁ በ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ የሁለት ምት ዘይት ነው፤ በ5 ሊትር 100 ሚሊሊትር። የመኪና ዘይት አይሆንም። ሁለቱም የካርቡሬተር ማስተካከያ ብሎኖች፣ የዝቅተኛውና የከፍተኛው ፍጥነት፣ ቀስ ብለው እስኪያርፉ ተዘግተው አንድ አንድ ዙር ይከፈቱ። መጋዙ ከሞቀ በኋላ ዝቅተኛው ተስተካክሎ፣ ከፍተኛው ያለ ጭነት ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው እየተንተባተበ እንዲጮኽ ይተው፤ እንጨት ሲነክስ ድምፁ መጥራት አለበት። ያለ ጭነት እንደ ፉጨት የጠራ ድምፅ የሚያወጣ መጋዝ ነዳጅ አንሶታል። የፍጥነት መለኪያ ካለ ከ12,500 እንዳያልፍ፤ ከልዋጭ ዕቃ ለተገጣጠመ ሞተር ይህ ይበቃዋል።

ዘይቱ ለመድረሱ የባሩን አፍንጫ ነጣ ካለ እንጨት 20 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ በሦስት አራተኛ ጋዝ ያዙት፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቀጭን የዘይት መስመር እንጨቱ ላይ መታየት አለበት። ሁለተኛው ጋን ሲያልቅ መጋዙ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ማርሚታውን አንስታችሁ ፒስተኑን በባትሪ ደግማችሁ እዩት፤ ከመለሳችሁት በኋላ የሲሊንደሩንና የማርሚታውን ብሎኖች በመስቀል አጥብቁ።